የስፌት መኪና የበላ አዞ

እናቴን አዞ የበላት በጥር ወር ነው። አባቴ ዛሬም እንዲህ እያለ ይናገራል። አልሲድ ይባላል፤ ሰባ አልፎታል፣ ጉልበቶቹ አልታዘዝ ብለውታል፣ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው። ጠፍጣፋ ጀልባውን እየነዳ ከቺካጎና ከየትም የመጡ ጎብኚዎችን በባዩው ላይ ያዞራል፤ ባዩ የምንለው ወዴት እንደሚፈስ የማያስታውቀውን ሰነፉን ወንዛችንን ነው። በረጅም እንጨት ጫፍ ነጭ ለስላሳ ከረሜላ ሰክቶ አዞዎቹን ያዘልላል። ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ወንዶቹ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ሞተሩን ያጠፋና ባርኔጣውን ያወልቃል። ባርኔጣው ከወለቀ ታሪኩ መጣ ማለት ነው። «እዚች ቦታ ላይ ነው» ይላል። «በጥር ወር፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ባለቤቴን...» እዚህ ላይ ድምፁ ይቆረጣል። ጎብኚው ብዙ ከሆነ እንባም ይጨመርበታል።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ከሰው ተደባልቄ ተሳፍሬ ሰማሁት። አላወቀኝም። አጠገቤ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ታሪኩን ሰምታ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔም እጄን አልነጠቅኋትም፤ ለእናቴ ያለቀሰ ሰው ብዙ አላየሁም።

እኔን የሚያበሽቀኝ ውሸቱ አይደለም። ሰው ነው፣ ይዋሻል። የሚያበሽቀኝ ወሩ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ሲዋሽ ኖሮ ጥርን ሐምሌ ማድረግ አቃተው። በእኛ ሰፈር አዞ በጥር እንደማይበላ የማያውቅ፣ ጡት ያልጣለ ሕፃን ብቻ ነው። ጎብኚም አያውቅም። ቄሱ አባ ኪርዊንም አያውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር፣ የባሰውም እሱ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን እንደ ሌላው የሉዊዚያና ረግረግ ሰው ቤት ውሃው ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው፤ ደረጃውን ወርደህ የምታርፈው ታንኳ በሚታሰርበት ርብራብ ላይ ነው። ከርብራቡ ዝቅ ብሎ፣ አንድ የወደቀ ግንድ ሥር፣ የሸሪፉ ጉድጓድ ነበር። ሸሪፉ አዞ ነው፤ ሸሪፍ በእኛ አገር የወረዳው ፖሊስ አለቃ ነው። ሳይጠሩት ስለሚመጣ፣ የሰው ዶሮ በልቶ ስለማይከፍልና ማንም ስለማይነካው ነው ሽማግሌዎቹ ስሙን ያወጡለት። ያን ጊዜ አዞ መግደል በሕግ ስለተከለከለ በሕግ ጥላ ሥር ሲሰባ ኖሯል፤ ስሙ በዚህም ይስማማዋል።

ከአዞ ጋር መኖር ከክፉ ጎረቤት ጋር እንደ መኖር ነው፤ ደንብ አለው። ሕፃን ብቻውን ውሃ ዳር አይቀመጥም፣ ውሻ ሲመሽ ይታሰራል። ከሁሉም በላይ አዞ አይቀለብም። የዓሣ አንጀት እንኳ ከርብራቡ ላይ አይጣልም፤ በባልዲ ተሸክመው ርቀው ሄደው ነው የሚቀብሩት። አዞ ሰውን ይፈራል፤ አንድ ጊዜ ከሰው እጅ ከቀመሰ ግን ምግቡንና እጁን መለየት ይተዋል። ስለዚህ አዞ የሚቀልብ ሰው በሰፈራችን ከሌባ ይከፋል ይባል ነበር። ሌባ ንብረትህን ቢወስድ ነው፤ ይሄኛው የጎረቤቱን ልጅ ያስበላል። ይህን ያስተማረኝ ዛሬ በእንጨት ጫፍ ከረሜላ የሚያጎርሳቸው ያው አባቴ ነው።

ስለ አዞ ሲያስተምረኝ ካህን የሆነ ያህል ነበር። «ብርድ ሲገባ ይጾማል» ይለኛል። «ሆዱ እሳት የሌለው ምድጃ ነው። ሥጋ ብትከቺበት አይበስልም፣ እንዳለ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ አፉን ይዘጋል። ውሃው ሲሞቅ፣ እኛ ለፋሲካ ስንቃረብ እሱም ይፈስካል። ከአክስትሽ የተሻለ ክርስቲያን ነው።» አክስቴ ዩላሊ የእሱ እህት ናት፤ ቤቷ ከቤታችን አጠገብ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ቋሊማ እየደበቀች እንደምትበላ ሁሉም ያውቃል።

ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሦስታችን በታንኳ ስንሄድ አንዲት አዞ ጎጆዋን በአፍንጫዋ ፈልፍላ፣ የተፈለፈሉትን ጫጩቶቿን እየለቀመች አፏ ውስጥ ስትከት አየሁ። ልጆቿን እየበላች ነው ብዬ ጮህሁ። አባቴ ሳቀ። «እያሻገረቻቸው ነው እንጂ። የኤሊ ቅርፊት የሚሰብረው አፍ፣ ልጇን ሲይዝ እንቁላል አይሰብርም» አለኝ። እናቴ ለብርዱ የምትሰፋውን ቀይ ኮቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። እሷ የተናገረችው ለእኔ አልነበረም፣ ለውሃው ነበር። «መሻገሪያ አላትና» አለች። አባቴ መቅዘፊያውን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጎ ያዘው። እኔ ደግሞ ጫጩቶቹን አያለሁ።

እናቴ ኦርታንስ ትባላለች። የሰፈሩን ልብስና ሸራ ሁሉ በስፌት መኪናዋ የምትሰፋው እሷ ነበረች። በዚያ መኸር ከፖርት አርተር፣ ከቴክሳስ በኩል፣ አንድ ረጅም መረብ ሻጭ በሞተር ጀልባ እየመጣ እቤታችን ይቀመጥ ጀመር። የሚያመጣልኝ የናና ከረሜላ ስለነበር እወደው ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ዩላሊ ዕቃ እያጠበች እናቴን አሽሙር ወረወረችባት፦ ሰውዬው የሚመጣው መረብ ሊሸጥ ከሆነ ይሄ ሁሉ መረብ የት ገባ? እኔ ነገሩን ቁም ነገር አድርጌ ጓዳውን፣ የቤቱን ሥር፣ ታንኳውን ፈትሼ የድሮዎቹ ብቻ እንዳሉ ለአክስቴ ነገርኋት። አክስቴ እስክታነጥስ ሳቀች። እናቴ ግን የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ ጥር ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ እሳቱን የምታነደው እሷ ነበረች። አባቴ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ቦቲውን ያስራል። እናቴስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሸሪፉ በላት» አለ፤ ቀና አላለም።

ኮቷ ሚስማሩ ላይ እንደሌለ አየሁና ኮቷስ አልኩት። ለብሳው ነበር አለኝ። ጫማዎቿስ አልሁ፤ ተጫምታቸው ነበር። ሁለቱንም ጥንድ? የቦቲውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ አየሁ። ላዩ ላይ አቧራ ያላረፈበት ሰፊ ባዶ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

«የስፌት መኪናዋስ?»

አባቴም ጠረጴዛውን አየ። «ሆዳም ነው» አለ።

«በጥር ይጾማል አላልከኝም?»

«ገደፈ» አለኝና ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እናቷ ታማባት ልታስታምም ሄደች ይላል፣ ወይም እውነቱን ይናገራል፣ ቢያንስ አንድ ቀን ተቀምጦ ያስብበታል። አልሲድ ግን ቦቲውን አስሮ እስኪጨርስ ነው የመጣለትን የያዘው። ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ይሳቅበታል፤ ሚስቱን አዞ የበላበት ሰው ግን ምግብ ተይዞለት ይመጣል። መጣለትም። ሴቶቹ ጋምቦ የምንለውን ወጥ በድስት ድስቱ እየተሸከሙ መጡ፤ ሽሪምፑንም ባሚያውንም አብዝተውበት። ድስቱን አስቀምጠው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ እኔን ራሴን ዳብሰውኝ ይሄዳሉ። የፈራ ሰው እንደዚያ የሚተያይ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እቤታችን ውስጥ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። ግን አባ ኪርዊን መጡ። ከቦስተን የተላኩ ቄስ ናቸው፤ በየወሩ አንድ እሑድ በጀልባ እየመጡ በትንሿ ጸሎት ቤታችን ይቀድሳሉ። እናትሽ የት ናት ሲሉኝ ሸሪፉ እንደበላት ነገርኋቸው። ፊታቸው ኖራ መሰለ። እጄን ይዘው ሰዉ ሁሉ ወደተቀመጠበት ገቡና እውነት ነው ወይ ብለው አባቴን በአደባባይ ጠየቁት። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ለታሪኩ ሲል ባርኔጣውን ሲያወልቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። አንገቱን ደፋ፣ «ምን ይደረጋል አባ» አለ፣ በቃ። ትልልቁ ሰው ሁሉ፣ አዞ ሲያድን የኖረው፣ አዞ ሲበላ የኖረው ሁሉ፣ ወለሉን ማየት ያዘ። አንድ ሰው እንኳ አፉን አልከፈተም።

አባ ኪርዊን እዚያው ለነፍሷ ቅዳሴ ቀደሱ። በዚያ ሰዓት ሟቿ ፖርት አርተር ወደብ ላይ ባለ ምግብ ቤት ሽሪምፕ ትጠብስ ነበር። እኔ ከፊት ተንበርክኬ ወደ ኋላ ዞር ስል የወንዶቹ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አንዳንዶቹ መሀረብ አፋቸው ውስጥ ወትፈዋል። እናቴ ይህን ያህል የተወደደች መሆኗን አላውቅም ነበር ብዬ ልቤ ሞላ። ሲስቁ እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው።

የወሩ ነገር ግን ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር። ስለዚህ አባባ ቴዎፊል ጋ ሄድሁ። አባባ ቴዎፊል የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ አዞ እሳቸው ያላወቁትን አዞውም አያውቀውም ይባላል። ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው ትምባሆ ያኝካሉ።

«አባባ፣ አዞ በጥር ይበላል?»

እኔን አዩኝ፣ ቤታችንን አዩ፣ ትምባሆአቸውን ተፉ። «እሱን አባትሽን ጠይቂ» አሉኝ።

«ጠየቅሁት። ገደፈ አለኝ።»

«እንግዲያው ገድፎ ነዋ» አሉና ቀዝፈው ሄዱ።

ጨዋ ሰው ናቸው ይሏቸዋል። ሲሞቱም ጨዋ ሰው ነበሩ ተብሎ ተለቀሰላቸው። የእኛ ሰፈር ጨዋነት ይሄ ነው፤ የሰው ገመና አይነካም፣ ሕፃን አዞ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ እያለች እንኳ አይነካም።

ተቀምጬም ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ስታስብ እንዲህ ነው፦ አዞ አያኝክም፣ ይውጣል። በብርድ ሆዱ ውስጥ እሳት የለም፣ የገባው እንዳለ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ነው። ስለዚህ እናቴ ሸሪፉ ሆድ ውስጥ፣ ቀይ ኮቷን ለብሳ፣ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብላለች። ጨለማ ስለሆነ መስፋት አትችልም። ከዚያ በተረፈ ግን የጎደላት ምግብ ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ከቀለብኋት፣ ሲሞቅ እሱ አፉን ሲከፍት ትወጣለች፤ ጫጩቶቹ ከእናታቸው አፍ እንደወጡት።

ጓዳችን ውስጥ እናቴ በሐምሌ ያዘጋጀችው የበለስ ማርማላታ በጠርሙስ በጠርሙስ ተደርድሯል። በየዓመቱ አንድ ሙሉ ቀን ቆማ ስታማስለው ስለማይ በለስ ነፍሷ ነው ብዬ ነበር። ከእሱ በቆርቆሮ ሳህን አድርጌ፣ ከጎኑ ሩዝ ጨምሬ፣ ሰው ሳያየኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ አኖርሁ። ምግቡ እንደነበረ አደረ። በማግስቱም ሌላ አኖርሁ፣ አልተነካም። ራኩን የሚሉት ሌባ አውሬ አንዳንዴ ይልሰዋል፤ እሷ ግን አትነካውም። አኩርፋለች አልሁ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ስታበጥረኝ እንደምጮህ አስታውሼ፣ ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ከእንግዲህ አልጮህም አልኋት። ሸሪፉ እታች በድን ሆኖ ተኝቷል። እናቴ በዚያ ብርድ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አለመቅመሷ ሆዴን ያባባው ነበር።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ውሃው ሞቀ፣ እንቁራሪቶቹ መጮህ ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ሳህኑ ባዶ ሆኖ፣ ተገልብጦ አገኘሁት። ይቅር አለችኝ ብዬ እያለቀስሁ ወደ ቤት ሮጥሁ። አባቴ ምን ሆንሽ አላለኝም። እሱ በዚያ ሰሞን የተበላች ሚስት ባል በመሆን ሥራ ተጠምዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንኪያዬን ሳህኑ ላይ አንኳኳለሁ፣ ሁለት ዓይን ከውሃው ብቅ ይላል። መጀመሪያ እኔ ስሄድ ነበር የሚበላው። ከዚያ ቆሜ እያየሁት መብላት ጀመረ። ከዚያ ደግሞ እኔ ወደ ግንዱ መሄድ ቀረልኝ፤ እሱ ወደ ርብራቡ ይመጣል። እናቴ እየቀረበችኝ ነው ብዬ ደስታዬን አልቻልሁትም። የቀኑን ወሬ ሁሉ እነግራታለሁ። ማርማላታውን ይወደው ነበር፤ ከጓዳ ከማመጣለት ቋሊማም አስበልጦ ይልሰዋል። አንድ ቀን ማንኪያውን ከበለሱ ጋር ዋጠው። አልተናደድሁም፤ በእጇ ከምትበላ ማንኪያ ይኑራት ብዬ ነው።

ጓዳው እየተራቆተ ሲሄድ አክስቴ ዩላሊ ወንድሟን ጠረጠረች፤ ሐዘን ሆድ ያስፋል ማለት እውነት ነው ብላ ለጎረቤት አወራች። አባቴ ደግሞ እሷን ጠረጠረ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች በጠርሙስ ሲተማሙ ከርብራቡ ላይ አንዲት ሕፃን ደንቡን ሁሉ አፍርሳ አዞ ትቀልብ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ቀለም የተቀቡ እንቁላሎች እናጋጫለን፤ የተሰበረበት እንቁላሉን ለሰባሪው ይሰጣል። እኔ የእናቴን ድርሻ ይዤ ወረድሁ። እንቁላሉን ሳህን ላይ ሳይሆን በእጄ ዘርግቼ ያዝሁት፣ ማጋጨት ያለ ሁለት እጅ አይሆንማ። ማንኪያ አልነበረኝምና እንጨቱን በጫማዬ መታሁ። ሸሪፉ መጣ። ዓይኑን ብቻ ብቅ አድርጎ አልቆመም፤ ግማሽ አካሉ ከውሃ ወጥቶ ርብራቡ ላይ ወጣና አፉን ከፈተ። የአፉ ውስጥ ነጭ ነበር፣ ጭቃና የሞተ ዓሣ ይሸታል። ቀይ ኮት ፈልጌ ጎንበስ አልሁ።

አክስቴ በረንዳ ላይ ነበረች። ጩኸቷን ሰምቼ ዞር ስል ነው አፉ የተዘጋው፤ እጅጌዬን ይዞ ቀረ፣ ክንዴን ለጥቂት ሳተው። ወደ ኋላ ወደቅሁ። እሱም ተከትሎኝ ደረጃውን ይወጣ ጀመር። ከዚያ ከላይ ጠመንጃ ተተኮሰ። አባቴን ብዙ ነገር ማለት ይቻላል፣ ተኩስ ግን ይችል ነበር። ሸሪፉ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አገጩን አሳርፎ ቀረ።

አባቴ ወርዶ ገላዬን ሁሉ ዳሰሰኝ። የአዞውን ከሰው አለመሸሽ አይቷል፣ እንቁላሉን አይቷል፣ የዋለበት ሙያ ነውና ወዲያው ገባው።

«ማነው የቀለበው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልሁት። «ለእናቴ ነው እኮ።»

በተኩሱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተጠራርቶ መጥቶ ነበር፤ አባባ ቴዎፊልም አሉበት። የሞተ አዞ ሙቀት ላይ አይቆይም፣ መግደሉም በሕግ የተከለከለ ነውና ባለ ሥልጣን ሳይመጣ መታረድ አለበት፤ ስለዚህ ገልብጠው ቢላዋ አመጡ። አባቴ ሊቀደው ሲል እጁን ያዝሁት።

«ቀስ በል። ኮቷን እንዳትቀድባት።»

ቢላዋው ቆመ። አባቴ ሰዉን አየ፣ ሰዉ መሬቱን አየ። በጸሎት ቤቱ ጊዜ እንዳደረጉት ነው፣ አሁን ግን የማንም ትከሻ አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ማንም አይፈርድበትም ነበር፣ ልጁ በፋሲካ ከአዞ አፍ ተርፋለት። ቢላዋውን ሰክቶ ቀደደው።

መጀመሪያ ድንጋዮች ወጡ፤ አዞ ሆዱ ውስጥ ምግብ እንዲፈጩለት የሚውጣቸው ለስላሳ ድንጋዮች ናቸው። ከዚያ የኤሊ ቅርፊት ስባሪ። የአባባ ቴዎፊል ውሻ የአንገት ቀበቶ። የጠርሙስ ክዳን። የእኔ ማንኪያ። ማንኪያውን ሳይ ቀጥላ እሷ ነች ብዬ ተጠጋሁ፣ ቀሚሴን አስተካከልሁ። ሌላ ግን አልመጣም። የሆዱን ከረጢት ገለበጡት፣ ባዶ ነው።

«የስፌት መኪናዋስ?» አልሁ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሳያስበው ያመለጠው ሳቅ ነበር፣ ግን አንዱ ሲጀምር ሌላው ተከተለ፣ ያፈኑት የሦስት ወር ሳቅ ሁሉ ወጣ፤ ጉልበታቸውን ይዘው፣ የቤቱን ምሰሶ ተደግፈው ሳቁ። አባቴ በደም በተነከረ እጁ መሀላቸው ቆሟል።

«ተፈጭታለች» አለ።

ይሄኔ አክስቴ ዩላሊ የያዘችውን ፎጣ ፊቱ ላይ ወረወረችበት። «አልሲድ፣ በቃህ። ልጅቷን ለውሸትህ ስትል ልትቀብራት ነበር» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ኤልሚር፣ ልጄ፣ እናትሽ አልሞተችም። ከመረብ ሻጩ ጋር ሄዳ ነው። ፖርት አርተር ናት፤ እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል።»

አላመንኋትም። ለምን አምናታለሁ? ቄሱ ቀድሰውላታል፣ ወንዶች አልቅሰውላታል። ከሁሉ ደግሞ አባቴ ነግሮኛል። ዞር ብዬ አየሁት፤ ቢላዋውን በሳር ይጠርጋል። ስለዚህ የገደልነው ሌላ አዞ ነው አልሁ በልቤ። በማግስቱ ጠዋት የመጨረሻዋን የበለስ ጠርሙስ ይዤ ከሰፈሩ በታች ወዳለው ሌላ ጉድጓድ ስሄድ አክስቴ ደረሰችብኝ። ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እጄን ይዛ መለሰችኝ። ፊቴን አጥባ፣ የእሑድ ቀሚሴን አልብሳ አውቶቡስ ላይ አወጣችኝ።

ምግብ ቤቱ ወደቡ ዳር ነበር፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። በጓሮ በር ገባን። ቀይ ኮቱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እናቴ ከምድጃው ዞር ስትል አየችኝና የያዘችውን ማንኪያ ጣለች። አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ፊቴን ሳመችው። እኔ እጆቿን ነው የማየው፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፣ አንድም የጥርስ ምልክት የለባቸውም። ረጅሙ ሰውዬ በበሩ ብቅ ብሎ አየንና ተመልሶ ሄደ። አክስቴ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም።

«በለሱን በላሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የቱን በለስ?»

«በየቀኑ ያመጣሁልሽን።»

አክስቴ በአጭሩ ነገረቻት። እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ መሳቅ ያለባት መስሏት ሳቀች። «ወይ የኔ ሞኝ። እኔ በለስ መቼ ወድጄ አውቃለሁ? ለአባትሽ ነበር እኮ የማዘጋጀው» አለችኝ። እንግዲህ ያን ማርማላታ አባቴ ይወደዋል፣ ሸሪፉም ወድዶታል። እናቴ ምን እንደምትወድ እስከዚያች ቀን ድረስ የማውቀው አልነበረም።

ይሄኔ ነው መስኮቱ ሥር ያየሁት። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ግማሽ የተሰፋ አንሶላ እንደተነከሰበት፣ የስፌት መኪናው ተቀምጧል። ሄጄ ነካሁት። ደረቅ ነው። መሽከርከሪያውን ገፋ አደረግሁት፣ ያንኑ የድሮ ድምፁን አሰማኝ። እናቴን ሳያት ያላመንሁትን እሱን ስነካው አመንሁ።

«ይሄን ይዘሽው ሄድሽ» አልኋት።

«እንጀራዬ ነዋ፣ ልጄ።»

«እኔንስ?»

አክስቴን አየች። አክስቴ እናቴን ሳይሆን ውጭውን ነበር የምታየው። እናቴ የመኪናውን ክዳን በመዳፏ ጠረገችው።

«ጀልባው ትንሽ ነበር» አለች።

ከዚያ እዚያው ቀረሁና አደግሁ። አልከፋችብኝም። መስፋት አስተማረችኝ፣ ዛሬ የምኖርበትም በእሱ ነው። ያቺን ጥያቄ ግን ደግሜ አልጠየቅኋትም፤ የመኪናውን ክብደት በኋላ አንስቼው አውቀዋለሁና። እኔ ያን ጊዜ ከእሱ ብዙም አልከብድም ነበር።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ በአባቴ ጀልባ ላይ፣ ታሪኩ አልቆ ባርኔጣው ተመልሶ ራሱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ወደ ኋላ ስንመለስ ሸምበቆው ውስጥ አንዲት አዞ አየን። ጎጆዋ ላይ ሆና ጫጩቶቿን እየለቀመች አፏ ውስጥ ትከታለች። ያቺ ወፍራም ሴትዮ ልጆቿን እየበላች ነው ብላ ጮኸች። አባቴ ሳቀ፣ እያሻገረቻቸው ነው እንጂ አላት፤ ቃል በቃል ያንኑ ነው። ሁሉም ጎብኚ ለማየት ወደ አንድ ጎን ስለተጋፋ ጀልባው አዘነበለ። እኔም መነጽሬን አውልቄ አየኋት። ውሃውን ወዲያ ማዶ ድረስ ቀስ ብላ ተሻገረችው፣ አንድም አላስቀረችም። ጀልባ እንኳ አልነበራትም።